ጥያቄ አለኝ፦ ኤስዲኤልን የሚጠቀልለው ላይብረሪ ምን ያቀልልናል፣ ቢልድ ለማድረግስ ምን ይፈልጋል?

ባለፈው እትም ስለ ጌም ፕሮግራሚንግ ትንሽ ጫር አድርገን ስናልፍ ይሄን ያህል ደብዳቤ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አንድ ቦታ ነው፣ ኤስዲኤል2 የሚባለው የመልቲሚዲያ ላይብረሪ (ለስእልና ለድምጽ የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) እና እሱን ለሲ ፕላስ ፕላስ የሚጠቀልለው ኤስዲኤል2ፒፒ ላይ፣ ስለዚህ ዛሬ አምዱን ሙሉውን ለሱ ሰጥቼዋለሁ፣ የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎችም አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የኮምፒውተር ሳይንስ ሶስተኛ አመት ተማሪ ነኝ። በሲ ፕላስ ፕላስና በኤስዲኤል2 የገበጣ ጌም ሰርቼ ነበር፣ ሲጀመር ቆንጆ ይሰራል ግን አስር ደቂቃ ምናምን ሲሆነው ላፕቶፔ መንቀራፈፍ ይጀምርና መጨረሻ ላይ ቀጥ ይላል። ጓደኛዬ ራፐር ተጠቀም፣ ኤስዲኤል2ፒፒ የሚባል አለ አለኝ። ራፐር ማለት ምንድነው? እንደገና ከዜሮ ሌላ ነገር ልማር ነው? (ከባህር ዳር)

መልስ፦ አይዞህ፣ ከዜሮ አይደለም። መጀመሪያ ግን ላፕቶፕህን ቀጥ የሚያደርገውን እንየው፣ ምክንያቱም የራፐሩ ጥቅም የሚገባህ እዛ ጋ ነው።

የላክልኝን ኮድ አየሁት። ነጥቡን ስክሪን ላይ ለመጻፍ በየፍሬሙ (ስክሪኑ እንደገና በተሳለ ቁጥር) ከፎንቱ አዲስ ሰርፌስ (ሜሞሪ ውስጥ ያለ ስእል) ታወጣለህ፣ ከሰርፌሱ አዲስ ቴክስቸር (ስክሪን ላይ ለመሳል የተዘጋጀ ስእል) ትሰራለህ፣ ትስለዋለህ፣ ከዛ ትረሳዋለህ። ሂሳቡን አብረን እንስራው፣ ጽሁፉ ወርዱ 200 ቁመቱ 50 ፒክስል ነው፣ ያ 10,000 ፒክስል ነው፣ ለአንዱ ፒክስል 4 ባይት ሲሆን 40,000 ባይት። በሰከንድ 60 ፍሬም ከሆነ በሰከንድ 2.4 ሜጋባይት ማለት ነው፣ በደቂቃ 144 ሜጋባይት፣ በአስር ደቂቃ 1.44 ጊጋባይት። ሰርፌሱንም ስለማትመልሰው እጥፍ አድርገው። ላፕቶፕህ 4 ጊጋባይት ራም ነው ያለው ብለሃል፣ እና ለምን አስር ደቂቃ ላይ እንደሚቆም አሁን ግልጽ ነው።

ጥፋቱ ኤስዲኤል ጋ አይደለም። ኤስዲኤልን ሳም ላንቲንጋ የሚባል ፕሮግራመር በ1998 ነው የጀመረው (በፈረንጆቹ ነው፣ ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደዛ ናቸው)፣ የተጻፈውም በሲ ነው። ዊንዶውስ ላይም ሊኑክስ ላይም ማክ ላይም መስኮት ለመክፈት፣ ኪቦርድና ማውስ ለመስማት፣ ለመሳል፣ ድምጽ ለማውጣት አንድ አይነት መንገድ ይሰጥሃል። ግን ሲ ነው። በሲ ደግሞ ያወጣኸውን እቃ ወደ ቦታው የምትመልሰው አንተው ነህ፣ ማንም አያስታውስህም።

ራፐር ማለት በቃ መጠቅለያ ማለት ነው። ኤስዲኤል2ፒፒ ራሱ ምንም አይስልም፣ ምንም ድምጽ አያወጣም፣ ስራውን የሚሰራው ያው ከስር ያለው ኤስዲኤል ነው፣ እሱ የሚያደርገው እያንዳንዱን የኤስዲኤል እቃ፣ መስኮቱን ሬንደረሩን (ሳዩን) ቴክስቸሩን ፎንቱን፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ክላስ ጠቅልሎ ማቅረብ ነው። እቃው የተፈጠረበት ቅንፍ ሲዘጋ ዲስትራክተሩ (የማፍረሻ ፈንክሽኑ) ይጠራና እቃው ራሱን ያስረክባል። አንተ የጻፍከው ያ የነጥብ ቴክስቸር በራፐሩ ቢጻፍ ኖሮ ፍሬሙ ባለቀ ቁጥር ሜሞሪው ይመለስ ነበር፣ አንድም የማጥፊያ ፈንክሽን ሳትጠራ። (ነጥቡ ሳይቀየር በየፍሬሙ አዲስ ቴክስቸር መስራቱ ራሱ ግን ብክነት ነው፣ ነጥቡ ሲቀየር ብቻ ስራው፣ ይሄን ራፐር አያስተካክልልህም።)

ሁለተኛው የምወድለት ነገር ኤረር አያያዙ ነው። በሲው ስእል ሲጠፋ ፈንክሽኑ ባዶ ፖይንተር ይመልስልሃል፣ አንተ ሳታየው ታልፋለህ፣ ከዛ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሰአት ሙሉ ትፈልጋለህ። ራፐሩ ኤክሴፕሽን (ዝም ተብሎ የማይታለፍ የስህተት ምልክት) ይወረውራል፣ ኤክሴፕሽኑም ውስጥ የትኛው የኤስዲኤል ፈንክሽን እንደወደቀና ኤስዲኤል ራሱ ምን እንዳለ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ሜይን (ፕሮግራሙ የሚጀምርበት ፈንክሽን) ውስጥ አንድ ትራይና ካች አድርገህ ሁለቱንም ፕሪንት ካስደረግክ ግማሹ ጭንቀትህ ያልቃል። ሌላው፣ ሬንደረሩ ላይ ትእዛዞችን በነጥብ እየቀጠልክ በአንድ መስመር መስደድ ትችላለህ፣ ቀለም ምረጥ ከዛ አጥፋ ከዛ ሳል እያልክ። እሱ ጥሩ ነው ግን ለሱ ብለህ ራፐር አትግባ።

የማይሰራውንም ልንገርህ። ጌም ኢንጂን አይደለም፣ ፊዚክስ የለውም፣ ሲን (የትእይንት አያያዝ) ምናምን የለውም። ኢቨንቶችን አሁንም የምታነበው በኤስዲኤል በራሱ ስትራክት ነው፣ እሱን አልጠቀለለውም። ራፐሩ ያልያዘው ፈንክሽን ካስፈለገህ ደግሞ ጌት ብለህ የውስጡን ፖይንተር አውጥተህ ለኤስዲኤል መስጠት ትችላለህ፣ ይሄ በሩ ክፍት መሆኑ ለኔ ትልቁ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የተማርከው ኤስዲኤል አንዱም አይባክንም። ፖይንተሩ ግን አሁንም የራፐሩ ንብረት ነው፣ በእጅህ እንዳታጠፋው፣ ካጠፋኸው ሁለቴ ነው የሚጠፋው።

ጥያቄ፦ እኔ ቢልድ ማድረግ (ኮዱን ወደሚሰራ ፕሮግራም መቀየር) አቅቶኝ ነው የጻፍኩት። ኡቡንቱ ላይ ሲሜክ (ቢልዱን የሚያዘጋጀውን ፕሮግራም) ስሮጥ ሚክሰሩን አላገኘሁም ብሎ ይቆማል፣ እኔ ደግሞ ድምጽ አልፈልግም፣ ስእል ብቻ ነው የምፈልገው። ዊንዶውስ ላይ ስሞክር ደግሞ ዊንሜይን የሚባል ነገር የለም ይላል። ሁለት ሳምንት ሆነኝ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት ሳምንት ለዚህ አይገባም ነበር፣ እና በደንብ ላስረዳሽ። በዚህ ላይብረሪ የሚመጣ የቢልድ ችግር በኔ ልምድ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከስር ካለው ነው የሚመጣው፣ ራፐሩ ራሱ ትንሽ ኮድ ነው፣ ቶሎ ኮምፓይል ይሆናል።

የሚፈልገው ይሄን ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ 11 የሚችል ኮምፓይለር፣ ጂሲሲ ይሁን ክላንግ ይሁን ቪዥዋል ስቱዲዮ። ሲሜክ። ኤስዲኤል2 ከነሄደሮቹ (ፈንክሽኖቹን ለኮምፓይለሩ የሚያስተዋውቁት ፋይሎች)። ከዛ ሶስቱ ወንድማማቾች አሉ፣ ኢሜጅ የሚባለው ፒኤንጂና ጄፔግ ለመክፈት፣ ሚክሰር ለድምጽ፣ ቲቲኤፍ ለፎንት። እነዚህ ሶስቱ ግዴታ አይደሉም ግን ራፐሩ ካልነገርሽው ሶስቱንም እንደምትፈልጊ ነው የሚቆጥረው፣ ያንቺ ችግር ይሄ ነው። ሲሜክን ስትጠሪ ዊዝ ሚክሰር የሚለውን ኦፕሽን ኦፍ አድርጊው፣ በቃ ይሄዳል። ማሽንሽ ደካማ ከሆነ ኤግዛምፕሎቹንና ቴስቶቹንም ኦፍ አድርጊ፣ ለመጠቀም አያስፈልጉም።

ኢሜጅንና ቲቲኤፍን ግን ጭነሽ ከሆነና አሁንም የለም ካለሽ፣ የጫንሽው የትኛውን ፓኬጅ እንደሆነ እዪ። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ አንድ ላይብረሪ ሁለት ፓኬጅ ነው፣ አንዱ የተሰራ ፕሮግራም ለመክፈት የሚሆነው ነው፣ ሌላው ስሙ መጨረሻ ላይ ዴቭ የሚል ያለበት ነው፣ ሄደሮቹ ያሉት እሱ ውስጥ ነው። ጌም የምትጫወት ሰው የመጀመሪያው ይበቃታል፣ ጌም የምትሰራ ሰው ዴቩን ትፈልጋለች። ለኤስዲኤል2ም ለኢሜጅም ለቲቲኤፍም ለየብቻ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ሲሜክ መጀመሪያ የነገርሽውን ያስታውሳል። ትናንት የሞላሽው ኦፕሽን ወይም ያገኘው የተሳሳተ ፓዝ፣ ለምሳሌ 64 ቢት ፈልገሽ 32 ቢቱን ካገኘ፣ ካሽ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥና ዛሬም እሱኑ ይጠቀማል። የሆነ ነገር ቀይረሽ ምንም ካልተለወጠ የቢልድ ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍተሽ እንደገና ጀምሪ። ኮዱን አይነካብሽም፣ አትፍሪ።

ወደ ዊንዶውሱ ስመጣ፣ ዊንሜይን የሚለው ኤረር ሚንጂደብሊው (ጂሲሲ ለዊንዶውስ) ላይ ነው የሚመጣው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ኤስዲኤል2 ያንቺን ሜይን በውስጥ ስሙን ይቀይረዋል፣ ከዛ ኤስዲኤል2ሜይን የሚባል ትንሽ ላይብረሪ የዊንዶውስን መነሻ ይዞ ያንቺን ይጠራል። ስለዚህ ሊንክ ስታደርጊ (ኮምፓይል የሆነውን ኮድ ከላይብረሪዎቹ ጋር ስታገናኚ) ቅደም ተከተሉ ሚንጂደብሊው32፣ ቀጥሎ ኤስዲኤል2ሜይን፣ ቀጥሎ ኤስዲኤል2 ነው መሆን ያለበት፣ ካገላበጥሽው ሊንከሩ አያገኘውም። ኤስዲኤል2ፒፒ ደግሞ ከኤስዲኤል2 በፊት ይግባ፣ ጠሪው ከተጠሪው በፊት። ሜይንሽንም ከነሁለቱ አርጉመንቶቹ ጻፊው፣ አርግሲና አርግቪ፣ ባዶ ቅንፍ ካደረግሽው ሌላ ኤረር ነው የሚጠብቅሽ።

ለዊንዶውስ የኤስዲኤል2 ዴቨሎፕመንት ፋይል በሁለት አይነት ነው የሚለቀቀው፣ አንዱ ለሚንጂደብሊው ሌላው ለቪዥዋል ስቱዲዮ። አንዱን አውርደሽ በሌላው ኮምፓይለር መሞከር ጊዜ ማጥፋት ነው። ኢንተርኔትሽ ውድና ደካማ ከሆነ የኔ ምክር ኤምሲስ2 የሚባለውን ጭኚ፣ እሱ ኮምፓይለሩንም ሲሜኩንም ኤስዲኤሉንም ወንድሞቹንም ተሰርተው ያለቁ ፓኬጆች አድርጎ ይሰጥሻል፣ ሁሉንም ከሶርስ እየገነባሽ አትቀመጪም።

ከተሰራ በኋላም ሁለት ወጥመድ አለ። ሊኑክስ ላይ ራፐሩን ኢንስቶል ካደረግሽው በኋላ ፕሮግራምሽ ሲነሳ ሸርድ ላይብረሪው አልተገኘም ካለ ኤልዲኮንፊግ የሚለውን ትእዛዝ በሱዶ አንዴ ሩጪው፣ ሲስተሙ አዲስ የመጣውን እንዲያውቅ ነው። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ለጓደኛሽ ኢኤክስኢውን ብቻ በፍላሽ ከሰጠሻት አይከፈትላትም፣ የኤስዲኤሎቹ ዲኤልኤሎች፣ በሚንጂደብሊው ከሆነ የኮምፓይለሩም ራንታይም ዲኤልኤሎች፣ አብረው እዛው ፎልደር ውስጥ መሆን አለባቸው።

እኔ በበኩሌ ሲስተም ላይ ኢንስቶል ማድረጉን ትቼዋለሁ። የራፐሩን ሶርስ ፕሮጀክቴ ውስጥ እንደ አንድ ፎልደር አስገባውና ሲሜኩ ላይ ሰብዳይረክተሪ አድርጌ እጨምረዋለሁ፣ ስታቲክ ይሁን (ፕሮግራሜ ውስጥ ይካተት) እለዋለሁ። በዛው ኮምፓይለር በዛው ኦፕሽን አብሮ ስለሚሰራ ከላይ የዘረዘርኩልሽ ጣጣ ግማሹ አይነሳም። ላይሰንሱም ይፈቅዳል፣ ኤስዲኤል2ም ራፐሩም ዜድሊብ በሚባለው ላይሰንስ ስር ናቸው፣ የምትሸጪው ስራ ውስጥ ብታስገቢው እንኳ ኮድሽን ክፈቺ አይልሽም። የድሮው ኤስዲኤል 1.2 ኤልጂፒኤል ነበር፣ አሮጌ ጽሁፍ አንብቦ ስታቲክ አይቻልም የሚልሽ ሰው ካለ ከዛ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ጌሙ በደንብ ይሰራል፣ ስዘጋው ነው የሚከሰከሰው። ሁሌ። ራፐሩ ራሱ ያጸዳል አልተባለም እንዴ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ያጸዳል፣ ግን በምን ተራ የሚለው ያንተ ስራ ነው። ይሄ እኔንም በአንድ ወቅት ሁለት ቀን ሙሉ ያንገላታኝ ነገር ስለሆነ ጠጋ ብለን እንየው።

ሲ ፕላስ ፕላስ እቃዎችን የሚያፈርሰው በተፈጠሩበት ተራ ተቃራኒ ነው፣ መጨረሻ የመጣው መጀመሪያ ይሄዳል። ክላስ ውስጥ ላሉ ሜምበሮችም ያው ነው፣ ተራው የሚወሰነው በጻፍካቸው ቅደም ተከተል ነው። እኔ ያኔ ክላሴ ውስጥ ፎንቱን ከላይ ጽፌው ቲቲኤፍን የሚያስነሳውን እቃ ከታች አድርጌው ነበር፣ የፎንቱ ፋይል የሚከፈተው ግን ኮንስትራክተሩ ውስጥ ዘግየት ብሎ ስለነበር ሲነሳ ምንም ችግር የለም። ሲዘጋ ግን መጀመሪያ ቲቲኤፍ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ፎንቱ ልዘጋ ብሎ ይመጣል፣ የሚዘጋው ሲስተም የለም። ክስክስ። እኔ ደግሞ ችግሩ ስእል መሳሉ ጋ ነው ብዬ ሁለት ቀን እዛ ስቆፍር ከረምኩ፣ መፍትሄው ሁለት መስመር ቦታ ማቀያየር ነበር።

ስለዚህ ክላስህን ክፈትና ተራውን እንዲህ አድርገው፦ ከሁሉ በላይ ኤስዲኤልን የሚያስነሳው እቃ፣ ከሱ ስር ቲቲኤፍና ሚክሰርን የሚያስነሱት፣ ከዛ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ስር ሬንደረሩ፣ ከሬንደረሩ ስር ቴክስቸሮቹና ፎንቶቹ። ቴክስቸር ከሬንደረሩ በኋላ መኖር የለበትም፣ ሬንደረሩ ሲፈርስ ቴክስቸሮቹን ይዟቸው ነው የሚሄደው። ግሎባል ያደረግከው ቴክስቸር ካለህ ደግሞ ዛሬውኑ ከዛ አውጣው፣ ግሎባል የሚፈርሰው ሜይን ካለቀ በኋላ ነው፣ ያኔ ሬንደረሩ የለም። የላክልኝ ኮድ ላይ ሁለት ግሎባል አይቻለሁ፣ የጀርባ ስእሉና የሎጎው፣ እነሱ ናቸው።

እቃዎቹ ኮፒ እንደማይደረጉም አስብ፣ ሙቭ (ወደ ሌላ ባለቤት ማዛወር) ብቻ ነው የሚቻለው። ኮምፓይለሩ ኮፒ ኮንስትራክተሩ ተሰርዟል ብሎ ሲጮህብህ ከጥፋት እያዳነህ ነው፣ አንድ ቴክስቸር ሁለት ባለቤት ቢኖረው ሁለቴ ነበር የሚጠፋው። ለፈንክሽን ስታስተላልፍ በሬፈረንስ አስተላልፍ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ልጆቼ ፊደል እንዲቆጥሩልኝ ብዬ ማታ ማታ በኤስዲኤል2ፒፒ ትንሽ ፕሮግራም እየሰራሁ ነው። ሀ ሁ ሂ ብዬ ስጽፍ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ባዕድ ምልክት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ሳጥን ሳጥን። ልጄ ስሟን ጽፋ ባክስፔስ ስትመታም ፊደሉ ይበላሻል። ላይብረሪው አማርኛ አይችልም ማለት ነው?

መልስ፦ ይችላል፣ ያውም በደንብ፣ እና ስራዎን በጣም ነው የወደድኩት። ሶስት የተለያየ ችግር ነው ያለብዎት፣ አንድ በአንድ እንያቸው።

ሳጥኑ የፎንት ነው። የከፈቱት ፎንት ውስጥ የግእዝ ፊደል የለም። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይጠቀሙ፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ መስጠትም ይፈቀዳል። ዊንዶውስ ላይ ያለው ናይላ ግን የማይክሮሶፍት ስለሆነ ኮፒ አድርገው አብረው አያድሉት።

ባዕድ ምልክቱ የፈንክሽን ምርጫ ነው። ቲቲኤፍ ላይ ጽሁፍ የሚስሉት ፈንክሽኖች በተለያየ አይነት ነው የሚመጡት፣ ሬንደር ቴክስት የሚለው ጽሁፉን ላቲን1 (የምዕራብ አውሮፓ ፊደሎች ኢንኮዲንግ) ነው ብሎ ያነበዋል፣ ሬንደር ዩቲኤፍ8 የሚለው ነው ፊደላችንን የሚያውቀው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሶስተኛው ቨርዥን ነው፣ በዩቲኤፍ8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሶስት ባይት ይይዛል። ሬንደር ቴክስት ሲሰጡት ሀን ሶስት የተለያየ ምልክት አድርጎ ያያታል፣ እርስዎ ያዩት እሱን ነው። ስሙን ብቻ ይቀይሩ። ቪዥዋል ስቱዲዮ ከሆነ የሚጠቀሙት ደግሞ ኮምፓይለሩን ዩቲኤፍ8 የሚለውን ኦፕሽን ይስጡት፣ አለዚያ ኮዱ ውስጥ የጻፉትን ፊደል በራሱ ኢንኮዲንግ ሊያነበው ይችላል።

አሁን የልጅዎ ባክስፔስ። ስሟን ስትጽፍ ኤስዲኤል ቴክስት ኢንፑት የሚባል ኢቨንት ይልካል፣ እርስዎ ስትሪንግ ላይ ይቀጥሉታል፣ ባክስፔስ ሲመጣ ደግሞ ከመጨረሻ አንድ ባይት ይቆርጣሉ። ለእንግሊዝኛ ልክ ነው፣ ለኛ ግን የፊደሉን አንድ ሶስተኛ ብቻ ነው የቆረጡት፣ የቀረው ሁለት ባይት ፊደል አይደለም። መላው እንዲህ ነው፣ ከመጨረሻ ጀምረው ባይቱን ይዩ፣ ሁለቱ የላይኛ ቢቶቹ 10 ከሆኑ ቀጣይ ባይት ነው፣ ይቁረጡትና ወደኋላ ይቀጥሉ፣ ያልሆነ ባይት ሲያገኙ እሱ የፊደሉ መጀመሪያ ነው፣ እሱንም ቆርጠው ያቁሙ። ለ"ማርታ" ብንሞክረው ዘጠኝ ባይት ነው፣ አንድ ባክስፔስ ሶስት ባይት ወስዶ "ማር" ይቀራል። ትክክል ማለት ይሄ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ፊደላችን እንደ አረብኛ እየተቀጣጠለ መልኩን አይቀይርም፣ እያንዳንዱ ፊደል ራሱን ችሎ ይቆማል፣ ስለዚህ ተጨማሪ የቅርጽ ላይብረሪ ባይኖርም በትክክል ይሳላል። ፊደሎቹን በትልቁ ለልጆች ሲያሳዩ ብሌንድድ የሚለውን አሳሳል ይምረጡ፣ ሶሊድ የሚለው ጠርዙ ይቆራረጣል፣ ጰና ጸን ለሚለይ ልጅ ጠርዝ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ከበሮ የሚመታ አፕ ሰርቻለሁ፣ ስክሪኑን ስነካው ድምጹ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። ምቱን መጠበቅ አልተቻለም። (ከጎንደር)

መልስ፦ ሚክሰሩን ስትከፍት የሰጠኸውን የቻንክ መጠን (በአንድ ጊዜ የሚዘጋጀውን የድምጽ ቁራጭ) እየው፣ 4096 ነው ያልከኝ። በሰከንድ 44,100 ሳምፕል ከሆነ 4096 ሳምፕል 93 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ ለዘፈን ማጫወቻ ምንም አይደለም፣ ለከበሮ ግን ጆሮ ይሰማዋል። ወደ 1024 አውርደው፣ 23 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ወደ 512 ስታወርደው ደካማ ማሽን ላይ ድምጹ መንጫጫት ከጀመረ ወደ 1024 ተመለስ። የከበሮውን ድምጽ ደግሞ ሚውዚክ በሚለው አትክፈተው፣ እሱ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው የሚያጫውተው፣ ቻንክ በሚለው ክፈተውና ፕሮግራሙ ሲነሳ አንዴ ጫነው። ቻናሎቹ ካልጨመርካቸው 8 ናቸው፣ በሁለት እጅ በፍጥነት ለሚመታ ሰው ያልቃሉ፣ 16 አድርጋቸው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ሲ ፕላስ ፕላሱ ለተማሪዎቼ ይከብዳል፣ በፓይተን ቢሆን ይሻላል ብዬ ፓይጌም ልጫን ስል አንዱ ኮምፒውተር ላይ ወዲያው ገባ፣ ሌላው ላይ ግን ረጅም የኤረር ዝርዝር አምጥቶ ወደቀ። ላባችን ውስጥ ኢንተርኔት የለም፣ በፍላሽ ነው የምወስደው።

መልስ፦ መምህር፣ ምርጫዎ ትክክል ነው። ፓይጌምም ራሱ የኤስዲኤል መጠቅለያ ነው፣ በ2000 ነው የጀመረው፣ ከ2020ው ፓይጌም 2 ጀምሮ ከስሩ ያለው ኤስዲኤል2 ነው። ለመማሪያ የሚያደርገው ትልቁ ውለታ ኤስዲኤሉን አብሮ ይዞ መምጣቱ ነው፣ ፒፕ (የፓይተን ጫኚ) የሚያወርደው ዊል የሚባለው ፋይል ውስጥ ሁሉም ተሰርቶ ያለቀ ነው፣ ኮምፓይለር አያስፈልግም።

የወደቀው ኮምፒውተር ላይ ያለው የፓይተን ቨርዥን ምንድነው? በጣም አዲስ ፓይተን ከሆነ ለሱ የተሰራ ዊል ገና ላይኖር ይችላል፣ ያኔ ፒፕ ሶርሱን አውርዶ ራሱ ልገንባ ይላል፣ ለመገንባት ደግሞ ኮምፓይለርና የኤስዲኤል ሄደሮች ይፈልጋል፣ እነሱ የሉም፣ ረጅሙ ኤረር እሱ ነው። ሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ አይነት፣ ትንሽ ቆየት ያለ የፓይተን ቨርዥን ይጫኑ። ከዛ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሆነው ፒፕ ዳውንሎድ በሚለው ትእዛዝ ዊሉን በፍላሽ ይያዙ፣ የላቡ ኮምፒውተሮች 32 ቢት ይሁኑ 64 ቢት አስቀድመው ይዩ፣ ዊሉ ለየብቻ ነው። ላብ ውስጥ ፒፕን ኢንዴክስ አትፈልግ ብለው ፎልደሩን ብቻ ይጠቁሙት፣ ኢንተርኔት ሳይነካ ይጭናል። ፓይጌም ሲኢ የሚባል ከሱ የተገነጠለ ሌላም አለ፣ እሱም ጥሩ ነው፣ ግን ሁለቱም የሚጠሩት በአንድ ስም ስለሆነ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱን አይጫኑ፣ አንዱን ያጥፉ።

ጥያቄ፦ ኤስዲኤል3 ወጥቷል እየተባለ ኤስዲኤል2ፒፒ መማር ያዋጣል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የኤስዲኤል3 የመጀመሪያው የተረጋጋ ልቀት፣ 3.2.0፣ የወጣው በጥር 2025 ነው፣ እና ለውጡ ቀላል አይደለም፣ ብዙ ፈንክሽን ስሙ ተቀይሯል፣ ስኬት ሲሆን ዜሮ ይመልሱ የነበሩት ብዙዎቹ አሁን እውነት ወይ ሐሰት ይመልሳሉ፣ ስእል ሲሳል ቦታው በነጥብ ቁጥር ሆኗል፣ ቲቲኤፉም ሬንደር ቴክስት ሲባል በቀጥታ ዩቲኤፍ8 ያነባል፣ የቨርጂኒያው ወንድማችን ችግር እዛ አይነሳም። ያ ኤስዲኤል2ሜይን የሚባለው ጣጣም ቀርቷል፣ አንድ ሄደር ሆኗል።

ኤስዲኤል2ፒፒ ግን ስሙ እንደሚለው ለ2 ነው፣ 3 ላይ ቀጥታ አይሰራም። ለኤስዲኤል2 የተጻፈውን ፕሮግራም ከስር በኤስዲኤል3 የሚያስኬድ ኤስዲኤል2 ኮምፓት የሚባል ማገናኛ አለ፣ ስለዚህ ዛሬ የጻፍከው ነገ በድንገት አይሞትም። ጀምረኸው ያጋመስከው ስራ ካለህ እዛው ጨርሰው። ገና ምንም ካልጻፍክና ጊዜ ካለህ ደግሞ በቀጥታ ኤስዲኤል3ን በሲው ተማርና ለምትጠቀምባቸው አራት አምስት እቃዎች፣ ለመስኮቱ ለሬንደረሩ ለቴክስቸሩ ለፎንቱ፣ የራስህን ትንሽ መጠቅለያ ጻፍ፣ ዩኒክ ፖይንተር ላይ የማጥፊያውን ፈንክሽን ዲሊተር አድርጎ መስጠት ነው፣ ለአንዱ አምስት መስመር አይሞላም። ስትጽፈው ከላይ ለአዳማው አንባቢ ያልኩትን ተራ ብቻ ጠብቅ፣ ከቻልክም ስትጨርስ ላክልኝና በሚቀጥለው እትም አብረን እናየዋለን።